«ካምቢዮው ይውረድ» ከማለት በፊት

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ዳገቱን እየወጣን ነበር። መኪናዋ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ናት፤ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ ባለ 5 ማርሽ። ኋላዋ ሞልቷል። ድንገት 2ኛ ማርሽ ላይ ቀረች። ዘንጉ እንደ ላላ ጥርስ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፣ ማርሹ ግን አይወጣም። ዳር ይዘን ቆምን። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሦስት ሰው ተሰበሰበ። ሦስቱም የተናገሩት አንድ ነው፦ «ካምቢዮው አልቆለታል፣ ይውረድ!»

ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ወረደ። አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብን። የተገኘው ጥፋት ከማርሽ ዘንጉ ግርጌ የምትቀመጥ፣ ተበልታ የተሰበረች የፕላስቲክ ቡሽ ነበረች። ዘንጉን ከላይ ብቻ ነቅለን ብናይ ኖሮ እዚያው ትታየን ነበር። ካምቢዮው ምንም አልነበረውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማርሽ ነከሰ (አልገባም ወይም አልወጣም አለ) ሲባል የምሰማቸውን አባባሎች ልብ ማለት ጀመርኩ። እዚህ የማወራው በእጅ ማርሽ ስለሚነዱ ፒክአፖች ነው፤ ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘርና መሰሎቻቸው። አውቶማቲክ ሌላ ዓለም ነው።

«ማርሽ አልወጣም ካለ ካምቢዮው ተበላሽቷል»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ማርሽ እንዲወጣ መጀመሪያ ፍሪሲዮን (ክላች) ሞተሩን ከካምቢዮው መለየት አለበት። ቀጥሎ ዘንጉ የእጃችንን እንቅስቃሴ ወደ ታች ማድረስ አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ውስጥ ያለው ሹካ ማርሹን የሚስበው። ከሦስቱ ሁለቱን ካምቢዮ ሳይወርድ ማየት ይቻላል። ታዲያ ለምን ከሦስተኛው እንጀምራለን?

የመጀመሪያው ምርመራ መፍቻ እንኳ አይፈልግም። ሜዳ ላይ ቁሙ፣ ጎማ ስር ድንጋይ አድርጉ፣ ሞተሩን አጥፉ። አሁን ማርሹን አስገቡና አውጡ። ሞተር ጠፍቶ ያለ ችግር የሚገባና የሚወጣ ከሆነ፣ ሞተር ሲነሳ ግን እምቢ የሚል ከሆነ፣ ካምቢዮውን ተዉት፤ ጥፋቱ ያለው ፍሪሲዮኑ ጋ ነው። መርገጫው ወለል ድረስ ቢወርድም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ሌላው ምልክት የኋላ ማርሽ ነው። በብዙ የቆዩ ካምቢዮዎች የኋላ ማርሽ ሲንክሮ (ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያስተካክል ቀለበት) የለውም። ስለዚህ ፍሪሲዮን በደንብ ካልለቀቀ መጀመሪያ የሚጮኸው እሱ ነው። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁና የኋላ ማርሽ አስገቡ። አሁንም ከተንገጫገጨ ነገሩ ታውቋል።

ፍሪሲዮን የማይለቅበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ነው። ፍሪሲዮኑን በዘይት የሚገፋው የላይኛው ወይም የታችኛው ፖምፓ ጎሚኒ (ጎማው) ያልቃል፣ መስመሩ አየር ይገባዋል፣ ዲስኩ ይጣመማል። ብዙ ሰው የሚረሳት አንዲት ትንሽ ኩሽኔታም (ቤሪንግ) አለች፤ ቮላኖው (የሞተሩ መዘውር) መሃል የምትቀመጠው። እሷ ከደረቀች ፍሪሲዮን ቢረገጥም የካምቢዮውን አክስ (የሚሽከረከር ዘንግ) ከሞተሩ ጋር ይዛ ታሽከረክረዋለች። ጥሩው ነገር፣ ፖምፓና አየር ከውጭ የሚሠሩ ናቸው። ዲስኩና ኩሽኔታዋ ግን እውነትም ካምቢዮ ያስወርዳሉ። እንደዚያም ሆኖ የሚወርደው እነሱን ለመድረስ ነው እንጂ ካምቢዮውን ለመበተን አይደለም። በዋጋ ደግሞ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ክረምቱን ሙሉ ቆሞ የከረመ መኪና ደግሞ የራሱ አመል አለው። እርጥበቱ ዲስኩን ቮላኖው ላይ በዝገት ያጣብቀዋል። ጥቅምት ላይ መጥታችሁ ፍሪሲዮን ብትረግጡ ምንም አይለይም። ሰው በሌለበት ሰፊ ሜዳ ላይ ሞተሩን አሙቁና አጥፉት። ከዚያ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮን እንደተረገጠ በሞተሪኖ (በማስነሻው) አስነሱት። መኪናው ይሄዳል፤ ፍሪሲዮኑን ሳትለቁ ነዳጅ ሰጥ ለቀቅ ስታደርጉ ብዙ ጊዜ ይላቀቃል። አንድ እግር ለፍሬን ዝግጁ ይሁን።

ሞተር ጠፍቶም ማርሹ አልወጣ ካለስ? መጀመሪያ መኪናው የቆመበትን እዩ። ዳገት ላይ የእጅ ፍሬን ሳይያዝ በማርሽ ብቻ የቆመ መኪና ሙሉ ክብደቱ ያረፈው ማርሹ ጥርሶች ላይ ነው። ጥርስ ለጥርስ ተናክሰዋል። ፍሬን ያዙ፣ ፍሪሲዮን ርገጡ፣ ሁለት ሰው መኪናውን ትንሽ ወደ ላይ ሲገፋው ፍሬኑን ላላ አድርጉ። ክብደቱ ሲነሳ ማርሹ ቀጭ ብሎ ይወጣል። እንዲህ ያለውን «ብልሽት» ለመካኒክ ከፍሎ ያሠራ ሰው አውቃለሁ። መካኒኩም ገፍቶ ነው ያወጣው!

ቀጥሎ ዘንጉን እዩ። ከወትሮው በላይ የሚወዛወዝ ከሆነ የእኛ ዓይነት ቡሽ ሳይሆን አይቀርም።

እውነተኛ የካምቢዮ ጥፋት ምን ይመስላል ለሚል፣ አንዱ ይኸው። ካምቢዮ ውስጥ ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ እንዳይገባ የሚከለክሉ ትናንሽ ፒኖች አሉ። እነሱ ካለቁ ወይም ዘንጉ በመሃል ካመለጠ አንዱ ሳይወጣ ሌላው ይገባል። ሁለት ማርሽ የተለያየ ፍጥነት ይፈልጋል፤ አክሱ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ሁሉም ይቆለፋል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ፍሪሲዮን ስትለቁ ሞተሩ ግድግዳ እንደገጨ ድርግም ይላል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ያኔም ቢሆን በአንዳንድ ካምቢዮዎች ዘንጉን ከላይ ነቅሎ፣ ውስጥ ያሉትን መንሸራተቻዎች በካቻቪቴ ገፋ አድርጎ ወደ ፎሌ (ምንም ማርሽ ወደማይገባበት ቦታ) መመለስ ይቻላል። ጋራዥ ድረስ ያደርሳል። ከዚያ በኋላ ግን ይከፈት፤ ጥፋቱ ስለሚደገም።

በነገራችን ላይ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፎሌ፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቪቴ፣ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። የጣርማበርን ዋሻ የቆፈሩት ጣሊያኖች የጋራዡንም ቋንቋ ትተውልን ሄዱ።

«ጉልበት ጨምርበት፣ ይወጣል»

አንዳንዴ ይወጣል። ሹካውን አጣምሞ። የተጣመመ ሹካ ማርሹን ሙሉ በሙሉ ስለማያስገባ ከዚያ በኋላ ማርሹ በመንገድ ላይ ራሱ እየዘለለ ይወጣል። ዘንጉ ላይ ቧንቧ አስረዝሞ የሚታገልም አይቻለሁ። እጅ የማያወጣውን ማርሽ ቧንቧ ካወጣው፣ አንድ ነገር ተሰብሯል ማለት ነው።

«ዘይት ዘይት ነው፤ ወፍራሙ ደግሞ ይሻላል»

ማርሽ ሲከብድ ወፍራም ዘይት መሙላት የተለመደ መድኃኒት ነው። ድምፅ ይቀንስ ይሆናል፣ ማርሹን ግን ያብስበታል። ሲንክሮው የሚሠራው ሁለት ነገሮችን በሰበቃ ፍጥነታቸውን አስተካክሎ ነው። ለዚያ በመካከላቸው ያለውን ዘይት ጨምቆ ማስወጣት አለበት። ዘይቱ ከወፈረ አይችልም። በደብረ ብርሃን ጠዋት ብርድ ሞክሩት፤ 2ኛ ማርሽ ለማስገባት ትከሻ ያስፈልጋል።

ጣሳው ላይ የሚጻፈው የዘይት ደረጃ፣ ጂኤል 4 እና ጂኤል 5ም፣ ጌጥ አይደለም። ጂኤል 5 በዋናነት ለዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ ለሚያከፋፍለው) ጥርሶች የታሰበ ነው። ውስጡ ያለው ድኝ ያለበት ቅመም ከፍተኛ ጫና ይችላል፤ አንዳንዱ ግን የናስ ሲንክሮ ይበላል፣ ሰበቃውንም ይቀንሳል። ሁለቱንም የሚቀበል ካምቢዮ አለ፣ ጂኤል 4 ብቻ የሚልም አለ። የመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ ያለውን ስሙ፤ የሱቁን ልጅ አይደለም።

ዘይት ስትቀይሩ አንድ ነገር አትርሱ። መጀመሪያ የመሙያውን ብሎን ፍቱ፣ ከዚያ የማፍሰሻውን። ዘይቱን አፍስሶ ጨርሶ የመሙያው ብሎን ዝጎ አልፈታም ያለው ሰው ከዚያ ቦታ የሚነቃነቅበት መንገድ የለውም። ማፍሰሻው ማግኔት ካለው ደግሞ የተለጠፈበትን እዩ። እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ነገር ከሆነ ጤነኛ ነው። የጥርስ ስባሪ ካገኛችሁ፣ አሁን «ይውረድ» ማለት ይቻላል።

«የፍሪሲዮን ዘይት ሲጎድል መጨመር ነው»

የፍሬን ዘይት ሸራው እያለቀ ሲሄድ ትንሽ ይወርዳል፤ ያ የተለመደ ነው። የፍሪሲዮን ግን እንደዚያ አይደለም። ዲስኩ ሲያልቅ የታችኛውን ፖምፓ ወደ ኋላ ስለሚገፋው ዘይቱ ባለበት ይቆያል ወይም ትንሽ ከፍ ይላል። ከጎደለ ፈሷል። መርገጫው አጠገብ ምንጣፉን ዳብሱ፣ ከዚያ ታች ወርዳችሁ የታችኛውን ፖምፓ ጎሚኒ ገለጥ አድርጉ። ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ጋ እርጥብ ታገኛላችሁ።

«ፎር ዊሉ አልወጣም አለ፣ ትራንስፈሩ ሞቷል»

ትራንስፈር ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው። ጭቃ መንገድ ላይ በፎር ዊል ስንዳክር ቆይተን አስፋልት እንወጣለን። ማውጣት እንረሳለን። ኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት እኩል አይደለም። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ያካክሳል። አስፋልት ይዞ አይለቅም። ልዩነቱ ወደ ጎማዎቹ በሚሄዱት ዘንጎች ውስጥ እንደተጠመዘዘ ገመድ ይጠራቀምና የትራንስፈሩን የእጅ ዘንግ ይነክሰዋል። ምንም አልተሰበረም። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ። ጠመዝማዛው ሲፈታ ዘንጉ በሁለት ጣት ይወጣል።

«ማርሽ የነከሰ መኪና ሳይጫን አይነሳም»

ይኼን በጣርማበር ባውቀው ኖሮ! በዘንግ የሚሠራ ትራንስፈር ያላቸው ፒክአፖች ከትልቁ የማርሽ ዘንግ ጎን ባለው ትንሽ የትራንስፈር ዘንግ ላይ የራሱ ፎሌ አላቸው። ዋናው ካምቢዮ 2ኛ ላይ ነክሶ ቢቀርም ትራንስፈሩን ፎሌ ስታደርጉት ጎማዎቹ ከካምቢዮው ይለያሉ። ሞተር ማስነሳት፣ መግፋት፣ ቀስ ብሎ እስከ ቅርብ ጋራዥ መጎተት ይቻላል። የሚከራይ ክሬን መጠበቅ የለም። ፎር ዊል የሌለው መኪና ከሆነ ግን ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ረጅሙን ዘንግ ፈትቶ ማውረድ ነው። ሲገጠም እንደነበረው እንዲመለስ ከመፍታታችሁ በፊት ሁለቱም ወገን ላይ ምልክት አድርጉ።

በሁለቱም መንገድ ግን ከዚያ በኋላ ማርሽ መኪናውን አይዝም። ትንሹን ዘንግ ከመንካታችሁ ወይም ረጅሙን ከመፍታታችሁ በፊት የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ አራቱም ጎማ ስር ድንጋይ ይግባ። ከጣርማበር ቁልቁል ደብረ ሲና ድረስ ሌላ የሚያቆማችሁ ነገር የለም።