«የፈንገስ ኳስ» ካንሰር ነው እንዴ?
ደብረ ብርሃን አካባቢ ቲቢ ታክሞ የዳነ ሰው ከዓመታት በኋላ ደም የቀላቀለ አክታ ካየ «ቲቢው አገረሸበት» ይባላል። ሊሆን ይችላል። የአክታው ውጤት ነጻ ከሆነ ግን ሌላም ነገር ይታሰብ። ቲቢ አንዳንዴ ሳንባ ውስጥ ክፍተት ትቶ ያልፋል። አስፐርጂለስ የተባለው ሻጋታ፣ ያው በእርጥብ ጭድና እህል ላይ የሚበቅለው፣ ብናኙ በትንፋሽ ይገባና እዚያ ክፍተት ውስጥ አድጎ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። «የፈንገስ ኳስ» የሚሉት ይህንን ነው። ካንሰር አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

በሲቲ ስካን ሲታይ ኳሱን ግማሽ ጨረቃ የመሰለ አየር በአንድ ጎኑ ይከበዋል፤ ታማሚው ሲገላበጥም ቦታ ሊቀይር ይችላል። የደም ምርመራም ያግዛል።

መድኃኒት ክፍተቱ ውስጥ በደንብ አይደርስም። ስለዚህ ደም ለሚተፋና ሳንባው ለሚችል ሰው ያንን ክፍል በቀዶ ሕክምና ማውጣት ዋናው መፍትሔ ነው። ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ምልክት ለሌለው ሰው ክትትል ብቻ ሊበቃ ይችላል።