ኦዲዮ ኮንቨርተር ምንድን ነው? የመብራቱን አላልኩም

ባለፈው ደሴ ፒያሳ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቼ «ኦዲዮ ኮንቨርተር ይኖርሃል?» ብዬ ጠየቅኩ። ልጁ ምንም ሳያንገራግር የመኪና ባትሪን ወደ 220 ቮልት የሚቀይረውን ሳጥን ከመደርደሪያው አወረደልኝ። «ኧረ የድምፅ ነው» ስለው ደግሞ የቲቪን ድምፅ ወደ ጂፓስ የምታወጣዋን ትንሽ ነገር ይዞ መጣ። በልጁ አልፈርድም፣ ሁለቱም ኮንቨርተር ነው የሚባሉት። ከዩቲዩብ ዘፈን አውርዶ ኤምፒስሪ የሚያደርገውም እንደዚሁ። ቤቱ ውስጥ ስቱዲዮ የጀመረ ሰው የሚፈልገው ግን ከነዚህ አንዱንም አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይክ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ነው፤ ከድምፁ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ትንሽ ቮልቴጅ። ኮምፒውተር ደግሞ ከቁጥር ሌላ አያውቅም። መሃል ላይ ቆሞ ቮልቴጁን እየለካ ቁጥር የሚጽፍለት ኮንቨርተሩ ነው። በ48 ኪሎኸርዝ ስትቀዱ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል ማለት ነው። ስታዳምጡ ደግሞ ሥራው ይገለበጣል፣ ቁጥሩ ተመልሶ ቮልቴጅ ይሆንና ወደ ስፒከር ይሄዳል። መግቢያውን ኤዲ፣ መውጫውን ዲኤ ይሉታል።

ስለዚህ ሳውንድ ካርድ፣ ማለትም ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የምታገናኘው ዕቃ፣ ካላችሁ ኮንቨርተር አላችሁ። ውስጡ ነው ያለው። «ኮንቨርተር ልገዛ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ለምን የሚለውን ነው። መልሱ «ድምፄ እንዲያምር» ከሆነ ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ያቆየው እላለሁ። መልሱ «ማይክ መሰኪያ አነሰኝ» ከሆነ ግን ቁጭ ብለን እናውራ።

እኔን ያነሰኝ በማሲንቆ ምክንያት ነው። ሁለት ማይክ የምትቀበል ካርድ ነበረችኝ፤ አንድ በአንድ እየቀዳሁ ስደራርብ ከረምኩ። ለኪቦርድ ሙዚቃ ምንም አይልም። የኛ አገር ጨዋታ ግን እንደዚያ አይወጣም። አምባሰል ወይም ባቲ የሚጫወት ሰው ዘፋኙን እያየ ነው የሚጫወተው፣ ተቀባዮቹም ከአውራጁ አፍ ነጥቀው ነው የሚመልሱት፣ ሁሉንም ለየብቻ በጆሮ ማዳመጫ ካስቀመጥካቸው ደግሞ ነፍሱ ይወጣል። በዚያ ላይ የደሴ ክረምት አለ። ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ የማሲንቆው ቆዳ ይላላል፣ ቅኝቱ ይሸሻል። ዋሽንት እንደተበሳ ነው የሚኖረው፤ ዛሬ ዋሽንት ነገ ማሲንቆ ብትቀዱ ሁለቱ አይስማሙም። ሰዎቹ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥተው ከመጡልኝ በአንዴ መቅዳት አለብኝ። ቆጠርኩት፦ ማሲንቆ አንድ፣ ክራር አንድ፣ ዋሽንት አንድ፣ ከበሮ ሁለት፣ አውራጅ አንድ፣ ተቀባዮች ሁለት። ስምንት።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ሌላ ሁለተኛ ሳውንድ ካርድ ልሰካ» የሚለውን ነው። ማክ ላይ ሁለት ካርድ አጣምሮ እንደ አንድ የማየት ዘዴ አለ። ዊንዶውስ ላይ ግን ቀረጻ የሚሠራበት አሲዮ የሚባለው ድራይቨር፣ ፕሮግራሙን ከካርዱ ጋር የሚያነጋግረው ሶፍትዌር፣ በአንድ ጊዜ አንዱን ነው የሚያናግረው፤ በጓሮ በር የሚያገናኙ ፕሮግራሞች አሉ፣ ሞክሬያለሁ፣ አልመክርም።

ትክክለኛው መንገድ ኤዳት ይባላል። ስሙ የመጣው አሌሲስ የተባለው ኩባንያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ካወጣው መቅጃ ነው። ማሽኑ ስምንት ትራክ የሚቀዳው በኤስ ቪኤችኤስ ካሴት ላይ ነበር፤ አዎ፣ የቪዲዮ ቤት ካሴት ዘመድ። ማሽኑ ሙዚየም ገባ፣ የመገናኛ ዘዴው ግን እስከ ዛሬ አለ። በአንዲት ቀጭን የብርሃን ኬብል ስምንት ቻናል ያስተላልፋል። ኬብሉ ከዘመናዊ ቲቪ ጀርባ ኦፕቲካል የሚባለው ቀዳዳ ላይ የሚሰካው ራሱ ነው፣ ውድ አይደለም። ስምንት ማይክ የሚቀበል ሳጥን ትገዛላችሁ፣ በዚህ ኬብል ከካርዳችሁ ጋር ታገናኙታላችሁ፣ ላፕቶፑ አንድ ትልቅ ካርድ ብቻ ነው የሚያየው።

እንግዲህ ከመግዛታችሁ በፊት ካርዳችሁን ገልብጡና ጀርባውን እዩ። ኦፕቲካል መግቢያ ከሌለው ነገሩ አበቃ፣ መጀመሪያ ካርድ ነው የምትቀይሩት። ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለችው ፎከስራይት ስካርሌት ቱአይቱ የላትም። ኦዲየንት አይዲ 14 ሁለት ማይክ ብቻ የምትቀበል ትንሽ ካርድ ብትሆንም አላት። ስካርሌት ኤይቲንአይ ትዌንቲም አለው። ቀዳዳው መኖሩ ብቻ ደግሞ በቂ አይደለም፤ ያው ቀዳዳ ኤስፒዲፍ የሚባለውንም ያስተላልፋል፣ እሱ ሁለት ቻናል ብቻ ነው። ማኑዋሉ ላይ «ኤዳት» የሚል ቃል ፈልጉ።

ቀጥሎ የሚገዛው ሳጥን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ኮንቨርተር ብቻ የሆነ ሳጥን አለ፣ ፕሪአምፕ፣ ማለትም የማይክን ድምፅ የሚያጎላ ክፍል፣ ያለው ሳጥንም አለ። የመጀመሪያው ማይክ ብትሰኩበት ድምፁ ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው ነው የሚሰማው፣ ምክንያቱም የማይክን ደካማ ቮልቴጅ የሚያጎላለት የለም፤ ለኮንደንሰር ማይክ የሚያስፈልገው 48 ቮልትም ከሱ አይወጣም። እሱ ውድ ፕሪአምፕ ለብቻው ላለው ሰው ነው። ለኔ ቢጤ እንደ ቤህሪንገር ኤዲኤ 8200 ወይም እንደ ፎከስራይት ኦክቶፕሪ ያለ፣ ስምንት ፕሪአምፕና ኮንቨርተር አብሮ የያዘ ነው የሚሆነው።

96 ኪሎኸርዝ ካልቀዳሁ የምትሉ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኤዳት ስምንት ቻናል የሚሰጠው በ44.1 እና በ48 ነው። ወደ 96 ከፍ ስትሉ በአንድ ኬብል አራት ብቻ ይቀራል። ጭራሽ 96 የማይሠራ ሳጥንም አለ፣ ኤዲኤ 8200 ራሱ 48 ላይ ይቆማል። እኔ በ48 ነው የምቀዳው። የሰው ጆሮ 20 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያበቃል፣ 48 ደግሞ ግማሹን፣ ማለትም እስከ 24 ድረስ ይይዛል። ዲስኩንም አስቡት፤ ስምንት ቻናል በ24 ቢት በ48 ለአንድ ሰዓት 4 ጊጋባይት ገደማ ይበላል።

24 ቢቱን ግን አትተዉ። ቢት ማለት እያንዳንዱ ልኬት ስንት ደረጃ አለው የሚለው ነው፦ 16 ቢት 65,536 ደረጃ፣ 24 ቢት ከ16 ሚሊዮን በላይ። ጥቅሙ ዝቅ አድርጋችሁ መቅዳት መቻላችሁ ነው። ጨዋታው ሲሞቅ አንዷ እልል ስትል የድምፁን መጠን የሚያሳየው ሜትር ቀይ ከመታ በኋላ ማንም አያድነውም። ከቀዩ በታች 15 ዴሲቤል ያህል ቦታ ተዉ፣ በኋላ ብታጎሉት የመሣሪያው ሽሽሽ የሚል ድምፅ አይከተላችሁም።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሰቃይበት ላይ ደረስን፣ ክሎክ። ሳጥኑም ካርዱም በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካሉ ብለናል። ግን የማን 48,000? ሁለቱም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፣ ልዩነታቸው የአሸዋ ቅንጣት ቢያክልም እየተጠራቀመ ቀረጻው ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይገባል። መፍትሔውን የወሎ ሰው ቀድሞ ያውቀዋል፦ አንድ አውራጅ፣ ሌላው ተቀባይ። ሁለት አውራጅ ያለበት መንዙማ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሳጥኑን በውስጥ ሰዓቱ አስኪዱት፣ ካርዱን በላፕቶፑ ሶፍትዌር ገብታችሁ የክሎክ ምንጩን ኤዳት በሉት። ሰዓቱ በዚያው በብርሃን ኬብል አብሮ ይመጣል፣ ሌላ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ሁለቱም 48 ላይ መሆናቸውን እዩ።

ጥራትን በተመለከተ አላደክማችሁም። ሻጮች ከትንሹ እስከ ትልቁ ድምፅ ያለው ርቀት 118 ዴሲቤል ነው፣ 122 ዴሲቤል ነው እያሉ ይከራከራሉ። እኔ የምቀዳው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው፤ ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲጀምር ልዩነቱን ፈልጉት እስቲ። ትርፍ ብር ካለ ለማይክና ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ወፍራም ብርድ ልብስ ይሁን።

ዕቃው ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው 110 ብቻ ይላል ወይስ እስከ 240 የሚለውን በፎቶ አስልኩ። 110 ብቻ የሆነውን እንዲሁ የኛ ሶኬት ላይ ከሰካችሁት ታሪኩ አጭር ነው።

ሁሉን አሟልታችሁ፣ ሰክታችሁ፣ ክሎኩንም አስተካክላችሁ ድምፅ ካልመጣ፣ የኬብሉን ካርዱ ላይ የሚሰካውን ጫፍ ንቀሉና እዩት። ሳጥኑ ከበራ ጫፉ ላይ ቀይ መብራት መታየት አለበት። እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሳጥኑን ስረግም፣ የመጣልኝንም ሰው በስልክ ስወቅስ ዋልኩ። ለካ አዲስ ኬብል ጫፉ ላይ ጥፍር የምታክል የላስቲክ ቆብ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሳላወልቃት ነበር እየገፋሁ ለማስገባት ስታገል የዋልኩት።