መቃብር የሌላቸው ጠባቂዎች፦ ሊቃነ መላእክት በካቶሊክ ቁምስና

ማንኛውም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሚጠራበት ስም አለው። አንዴ በዚያ ስም ከተቀደሰ፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ መሠረት ስሙ አይቀየርም። አብዛኛውን ጊዜ ስሙ በምድር ላይ የኖረ የአንድ ቅዱስ ነው። ሊቃነ መላእክቱ ሚካኤል፣ ገብርኤልና ሩፋኤል ግን ሰው ሆነው አያውቁም።

ይህ ለቁምስናው (ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን) ትልቅ ልዩነት አለው። በመንበሩ ሥር የሰማዕታትን ዐፅም ማኖር የቆየ ልማድ ነው። የቅዱስ ሚካኤል ቁምስና ግን የጠባቂውን ዐፅም ከየት ያመጣል? የሌላ ቅዱስ ዐፅም ይቀመጥለታል። በደቡብ ጣሊያን፣ በጋርጋኖ ተራራ ላይ ያለው ስመ ጥር የሚካኤል መሳለሚያም ዋሻ እንጂ መቃብር አይደለም።

ስለዚህ ምእመኑ የሚያውቃቸው በሥራቸው ነው፤ ሥዕላቸውም ይህንኑ ያሳያል። ሚካኤል ሰይፍ ይዞ ዘንዶውን ይረግጣል፤ አንዳንዴም ሚዛን ይይዛል። ገብርኤል ነጭ አበባ ይዞ በድንግል ማርያም ፊት ይቆማል። ሩፋኤል ዓሣ ከያዘው ከወጣቱ ጦብያ ጋር መንገድ ላይ ይታያል። በመጽሐፈ ጦቢት የአባትየውን ዓይን ያበራው የዚያ ዓሣ ሐሞት ነው። መንገደኛውም፣ በሽተኛውም፣ ሐኪሙም ሩፋኤልን የሚለምኑት ለዚህ ነው። ብሥራት ነጋሪው ገብርኤል ደግሞ በ1951 እ.ኤ.አ. በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ የቴሌኮሙኒኬሽን ጠባቂ ተብሎ ተሰይሟል።

ከሦስቱ ውጪ ለመላእክት ስም ማውጣትን ቤተ ክርስቲያኒቱ አትደግፍም። በ745 በሮም የተደረገው ጉባኤም ሌሎች ስሞችን አልተቀበለም።

በዓላቸው ድሮ ለየብቻ ነበር፦ ገብርኤል ማርች 24፣ ሚካኤል ሴፕቴምበር 29፣ ሩፋኤል ኦክቶበር 24። ከ1969ቱ የቀን መቁጠሪያ ማሻሻያ ወዲህ ሦስቱም ሴፕቴምበር 29 ይከበራሉ። ቀኑ እሑድ ላይ ሲውል በሌሎች ቁምስናዎች እሑዱ ይበልጣል። በስማቸው በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ግን በዓሉ ከፍ ብሎ ዐቢይ በዓል ስለሚሆን የሚቀደሰው የመላእክቱ ቅዳሴ ነው። ቁምስናው የራሱን ጠባቂ በዚህ ያህል ማክበሩ ደስ የሚል ነገር ነው።

ከዓመታዊው በዓል በላይ ሰው ልብ ውስጥ የቀረው ግን ጸሎቱ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ በ1886 ገደማ «ቅዱስ ሚካኤል ሊቀ መላእክት ሆይ፣ በውጊያ ጊዜ ጠብቀን» የሚለውን ጸሎት ዜማ ከሌለው ቅዳሴ በኋላ ተንበርክከው እንዲደግሙት አዘዙ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ግዴታው ቀረ። በ1994 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ምእመናን እንዳይረሱት አሳሰቡ፤ በ2018 ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ምእመናን በኦክቶበር ወር የሚደግሙትን የመቁጠሪያ ጸሎት (ሮዛሪ) በዚሁ ጸሎት እንዲዘጉ ጠየቁ። ዛሬ ማንም ሳያስገድዳቸው ከቅዳሴ በኋላ በኅብረት የሚደግሙት ቁምስናዎች አሉ።