የክንፍ ጭነት ምንድን ነው?

የሞዴል አውሮፕላን ክብደት ለክንፉ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የክንፍ ጭነት ይባላል። ክብደት ሲባል ባትሪው፣ ሰርቮው (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር)፣ ሙጫው ሁሉ ገብቶ ነው፤ ባዶ አካሉን መዝኖ ማስላት ራስን ማታለል ነው።

ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 120፣ ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 24 ካሬ ዴሲ ሜትር ይሆናል። አውሮፕላኑ 960 ግራም ከመዘነ ለአንዱ ካሬ ዴሲ ሜትር 40 ግራም ይደርሰዋል። በባሕር ጠለል ላይ እንዲህ ያለው ፍጥነቱ በሰዓት እስከ 26 ኪሎ ሜትር ግድም ቢወርድም አየር ላይ ይቆያል። ከዚያ በታች ክንፉ መሸከም ያቅተዋል፤ ስቶል የሚሉት ይህን ነው።

ደብረ ብርሃን ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከሩብ በላይ ስለሚሳሳ ያው አውሮፕላን 31 ላይ ስቶል ያደርጋል። 45 ዲግሪ አዘንብሎ ሲዞር ደግሞ 31ዱ 37 ይሆናል፤ ለማረፍ ሲዞሩ ሞተር ቀንሶ መሬት መላስ የሚመጣው ከዚህ ነው። የባሕር ጠለሉን ዝግታ ለመመለስ ክብደቱ ወደ 700 ግራም መውረድ አለበት። ሸዋ ሮቢት ቢወርዱ ከፍታው ይቀንሳል፤ ግን የቀትር ሙቀት አየሩን መልሶ ስለሚያሳሳው ትርፉ የታሰበውን ያህል አይደለም።

ጭነቱን ሳይታወቅ የሚያሳድገው ጥገና ነው፣ በተለይ የጅራት። የአውሮፕላኑ ሚዛን ከሚያርፍበት ነጥብ እስከ ጅራቱ 60፣ እስከ አፍንጫው 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጅራት ላይ የተጨመረ 10 ግራም ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) አፍንጫ ላይ 30 ግራም እርሳስ ይጠይቃል። በድምሩ 40 ግራም፣ ለአንድ ስንጥቅ! ስለዚህ አሮጌውን ሙጫ እስከ ንጹሕ እንጨቱ ፍቆ ማንሳት፣ ስብራቱን ገጥሞ በአናጺ ኮላ በስሱ መለጠፍ፣ የተረፈውን ሳይደርቅ መጥረግ ይሻላል። ኮላው ሲደርቅ ውሃው ስለሚተን ይቀልላል፤ ኢፖክሲ እንደተቀባ ይቀራል። እሱን ሞተሩ ለሚታሰርበት ግድግዳና ለእግሮቹ መሠረት መቆጠብ ነው። ከጥገና በፊትም በኋላም በግራም ሚዛን መመዘን አይዘለልም።

ለመጀመሪያው ሙከራ ማለዳ ይመረጣል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ይወፍራል፣ ነፋሱም ገና አልተነሣም። ችግሩ ውርጩ ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪውን ያደክመዋል። አውሮፕላኑ እስኪነሣ ድረስ ባትሪውን ጋቢ ሥር ይዞ ማሞቅ ነው።