የሐሞት ከረጢት ሲቆጣ ደም ምን ይናገራል?

ድንገተኛ የሐሞት ከረጢት ብግነት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ጠጠር የከረጢቱን መውጫ ሲዘጋው ነው። ሕመሙ ከቀኝ ጎድን ስር ይጀምርና ወደ ጀርባ ወይም ወደ ቀኝ ትከሻ ይዘልቃል። ቅባት የበዛበት ምግብ ሲበላ ስለሚቀሰቀስ እኛ ጋ ብዙ ሰው «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ቀናት ያሳልፋል።

ሐኪሙ ከጎድኑ ስር ጫን አድርጎ «አየር ሳብ» ይላል። ትንፋሹ ከሕመሙ የተነሳ መሃል ላይ ቁርጥ ካለ የመርፊ ምልክት ይባላል። ስሙ የቺካጎው ቀዶ ሐኪም የጆን መርፊ ነው። ቀጥሎ ተራው የላቦራቶሪ ነው።

ደሙ በሁለት ቱቦ ይቀዳል። ባለሐምራዊ ክዳኑ ለሲቢሲ፣ ማለትም ለደም ሴሎች ቆጠራ ነው። ውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ስላለ ባለሙያው ቀስ አድርጎ ደጋግሞ ይገለብጠዋል። እዚህ ላይ ከተቸኮለ ደሙ ይረጋል፣ ቁጥሩም ይበላሻል። ሁለተኛው ቱቦ ግን እንዲረጋ ይተዋል። ከዚያ በሴንትሪፉጅ ተሽከርክሮ ከላይ የሚንሳፈፈው ቢጫ ፈሳሽ (ሴረም) ብግነትን ለሚጠቁመው ሲአርፒ ለተባለ ፕሮቲንና ለጉበት ምርመራ ይውላል። ይህን ሥራ ታማሚው አያየውም፤ ሐኪሙ የሚተማመንበት ቁጥር ግን የሚወጣው ከዚሁ ነው።

ሲአርፒን በ1930 እ.ኤ.አ. ያገኙት ኒው ዮርክ በሮክፌለር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ ናቸው። የሳንባ ምች የያዛቸው ሰዎች ሴረም ከባክቴሪያው «ሲ» ከተባለ ክፍል ጋር ሲገናኝ ዝቃጭ እንደሚፈጥር አዩ። ስሙም ከዚያ መጣ። ፕሮቲኑን የሚሠራው ጉበት ነው። ብግነት ከጀመረ ከሰዓታት በኋላ ይነሳና በሁለት ቀን ገደማ ጣሪያ ይነካል። ስለዚህ ሕመሙ በጀመረ በሁለተኛው ሰዓት የተሠራ ሲአርፒ ዝቅ ቢል «ደህና ነህ» ተብሎ ወደ ቤት አያስሸኝም። ከፍ ቢልም የሆነ ቦታ ብግነት እንዳለ ይናገራል እንጂ የትኛው አካል እንደተቆጣ አይለይም።

ሐኪሞች ይህን በሽታ ለመለየት የሚጠቀሙበት፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2013 እና በ2018 የታደሰው የቶኪዮ መመሪያም በደም ብቻ አይፈርድም። ከሆድ ምልክቶቹ አንዱ፣ ከትኩሳት፣ ከሲአርፒና ከነጭ የደም ሴል ደግሞ አንዱ ከተገኘ በሽታው ይጠረጠራል። የሚረጋገጠው አልትራሳውንድን በመሰለ ምርመራ ነው። ነጭ ሴል ከ18,000 ካለፈ ብግነቱ መካከለኛ ደረጃ ላይ ነው ይባላል። ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕላትሌት ከ100,000 ሲያንስ ወይም የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬአቲኒን ከ2 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲበልጥ ከባድ ነው።

የሐሞት ቢጫ ቀለም የሆነው ቢሊሩቢንና አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለው ኢንዛይም አብረው በጣም ከጨመሩ ጠጠሩ ወደ ዋናው የሐሞት ቱቦ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ስብን የሚፈጨው ኢንዛይም ሊፔዝ ከመደበኛው ጣሪያ ሦስት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ቆሽትን መጠርጠር ነው። ፕሮካልሲቶኒን የተባለው ሌላ የደም ምርመራ ጥቅሙ ገና ያከራክራል።

አዛውንቶች ላይ ከረጢቱ እየበሰበሰ እንኳ ነጭ ሴሉ መደበኛ ሊሆን ይችላል። ነፍሰ ጡር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ምንም ሳይኖርባት ነጭ ሴሏ ይጨምራል፤ የእንግዴ ልጁም አልካላይን ፎስፋቴዝ ስለሚያመነጭ ውጤቷ ላይ ከፍ ብሎ ይታያል።