የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ በኢትዮጵያ፦ ለነርስና አዋላጅ ነርስ ተማሪዎች አጠቃላይ ዳሰሳ

የማህፀን በር ካንሰር (በአንዳንድ ጽሑፎች «የማህፀን ጫፍ ካንሰር» የሚባለውም ይኸው ነው) በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። ለአገር አቀፉ ግምት ዋናው መነሻ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከመስከረም 2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ስለሆነ፣ ስለ ገጠሩ የሚነገረው አሃዝ በአብዛኛው የተሰላ እንጂ የተቆጠረ አይደለም። ይህን በሽታ ከብዙዎቹ ካንሰሮች የሚለየው ገና ካንሰር ሳይሆን አይቶ በዚያው ቀን አክሞ መሸኘት መቻሉ ነው። በጤና ጣቢያ ደረጃ ይህን ሥራ ተሸክመው ያቆሙት ነርሶችና አዋላጅ ነርሶች ናቸው።

መንስኤና አጋላጭ ሁኔታዎች

መንስኤው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤች ፒ ቪ፣ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ሰውነታቸው ራሱ ያስወግደዋል። ጣጣው ሳይወገድ የሚቆየው ጋ ነው። 70 በመቶ ገደማ ለሚሆነው የማህፀን በር ካንሰር ተጠያቂዎቹ 16 እና 18 የተባሉት ዓይነቶች ናቸው። ግንኙነቱን ያረጋገጠው ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። በሽታ የመከላከል አቅሟ ደህና በሆነ ሴት ላይ ቫይረሱ በማህፀን በር ሕዋሳት የሚያመጣው ለውጥ ወደ ካንሰር እስኪደርስ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ አቅሙ በተዳከመ ሰውነት ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ይበቃዋል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው 6 እጥፍ የሚሆነውም በዚህ የተነሳ ነው። ያለ ዕድሜ የተጀመረ ግንኙነት፣ ብዙ መውለድ፣ ሲጋራና ለረጅም ዓመታት የተወሰደ የወሊድ መከላከያ እንክብልም ይጠቀሳሉ። የባል ከትዳር ውጭ ያለ ግንኙነትም ሚስትን ያጋልጣል፤ ስለዚህ «እኔ አንድ ባል ብቻ ነው የማውቀው» ያለች እናት ምርመራው አይመለከታትም ማለት አይደለም።

የአገልግሎቱ አጀማመር

«አይቶ በዚያው ማከም» የተባለው አሠራር በአገራችን በሰፊው የተፈተነው ፓዝፋይንደር የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ባካሄደው «አዲስ ተስፋ» ፕሮጀክት ነው። ከ2010 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በ14 ሆስፒታሎች፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ከ16 ሺህ 600 በላይ ሴቶች ተመርምረው 10 በመቶ ያህሉ ላይ ለውጥ ታይቷል፤ ለክራዮቴራፒ (የተለወጠውን ቦታ አቀዝቅዞ ማከም) ብቁ ከሆኑት አብዛኞቹም ሕክምናውን አግኝተዋል። ከፍ ላለ ሕክምና ወደ ሌላ ቦታ ከተላኩት መካከል ግን ሳይታከሙ የቀሩት ጥቂት አልነበሩም። ሪፈር የተባለች ሴት መጥፋቷ ዛሬም ያልተፈታ ችግር ነው። ከዚያ በኋላ ምርመራው ወደ ጤና ጣቢያዎች ወርዶ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ሁሉ ተከፈተ።

ቪያ

ቪያ ማለት የማህፀን በርን በአሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን ማየት ነው። ስፔኩለም (የማህፀን በሩ እንዲታይ ብልትን ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያ)፣ ደህና መብራት፣ ጓንት፣ ጥጥና ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሲድ ይበቃል፤ ይኸው አሲድ በየሱቁ አቼቶ ተብሎ በሚሸጠው ኮምጣጤ ውስጥ ያለው ነው። ያልተበረዘው አሲድ ሲመጣ 5 ሚሊ ሊትሩ በ95 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ይበረዛል። ውሃው ይቀድማል፣ አሲዱ በላዩ ይጨመራል። ያልተበረዘው ጠርሙስ በግልጽ ተጽፎበት ለብቻው ካልተቀመጠ፣ በስህተት ተነስቶ ታካሚዋን ክፉኛ ሊያቃጥላት ይችላል።

ታካሚዋ ሽንቷን ሸንታ ትተኛለች። ስፔኩለሙ የማህፀን በሩ ሙሉ በሙሉ እስኪታይ ይከፈታል፣ ንፍጡ በደረቅ ጥጥ ይጠረጋል፣ ሁለቱ የሕዋስ ዓይነቶች የሚገናኙበት መስመር ይፈለጋል። ከዚያ አሲድ ያዘለ ጥጥ ይደረግና አንድ ሙሉ ደቂቃ ይጠበቃል፤ በግምት ሳይሆን በሰዓት። ወረፋ በበዛበት ቀን ይህች ደቂቃ ወደ ሃያ ሰከንድ ትወርዳለች፤ ገና መንጣት ያልጀመረው ቁስልም «ነጌቲቭ» ተብሎ ይመዘገባል። ፖዘቲቭ የሚባለው ከመገናኛው መስመር ጋር የተያያዘ፣ ወፈር ያለና ጠርዙ የለየ ነጭ ነው። ከመስመሩ የራቀ ነጠብጣብ ወይም ሳሳ ያለ ነጣ ያለ ሮዝ ፖዘቲቭ አይባልም። ከወር አበባ ማቆም በኋላ መስመሩ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ ቪያ አስተማማኝነቱን ያጣል። በቀላሉ የሚደማ፣ የጎረበጠ ሥጋ ከታየ ካንሰር ተጠርጥሮ ለባዮፕሲ (ናሙና ተወስዶ ለሚደረግ ምርመራ) ይላካል እንጂ በክራዮቴራፒ አይቀዘቀዝም።

ሕክምናው

ክራዮቴራፒ የሚሰጠው ነጩ ቦታ ከማህፀን በሩ ከ75 በመቶ ያነሰውን ሲሸፍን፣ ወደ ውስጠኛው ቱቦ ካልዘለቀና በመሣሪያው ጫፍ የሚሸፈን ከሆነ ነው። 3 ደቂቃ ይቀዘቅዛል፣ 5 ደቂቃ ይቀልጣል፣ እንደገና 3 ደቂቃ ይቀዘቅዛል። የበረዶው ክብ ከመሣሪያው ጠርዝ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጋዝ ግፊት ማነስ ነው። ጫፉ ሳይቀልጥ ከተጎተተ ሥጋ ይዞ ይወጣል። የጋዝ ሲሊንደር መሙላት ፈተና በመሆኑ፣ ጋዝ የማይፈልገው ቴርማል አብሌሽን (በሙቀት ማከም፤ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ) እየተመረጠ መጥቷል። ታካሚዋ ለአራት ሳምንት ያህል ውሃ መሰል ፈሳሽ ሊኖራት እንደሚችል፣ በዚያ ጊዜም ከግንኙነት መታቀብ እንዳለባት ይነገራታል፤ ትኩሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም ብዙ ደም ካየች ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትመጣለች።

የቫይረሱን ዘረ መል የሚፈልገው የኤች ፒ ቪ ዲኤንኤ ምርመራ ከቪያ ይልቅ ብዙ ለውጦችን ይይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. መመሪያው አስቀድሞታል።

ክትባቱ

የኤች ፒ ቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች፣ በ6 ወር ልዩነት በሁለት ዶዝ ተጀመረ። አንድ የዕድሜ እርከን ብቻ የተመረጠው በዓለም ገበያ አቅርቦቱ አጥሮ ስለነበር ነው። በኋላ በአንድ ዶዝ ተተክቶ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን እንዲያካትት ሰፍቷል። መጠኑ 0.5 ሚሊ ሊትር ሲሆን በትከሻ ጡንቻ ይወጋል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ በረዶ የሠራ ክትባት ይጣላል። ልጃገረዶቹ ከመርፌው በኋላ 15 ደቂቃ ተቀምጠው ይቆያሉ፤ ራስን መሳት በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፣ አንዷ ስትወድቅ ያየች ክፍል ሙሉም ትፈራለች። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

በመጀመሪያው ዙር የተከተቡት 30 ዓመት የሚሞላቸው በ2027 ዓ.ም. ነው። ክትባቱ ካንሰር አምጪ ዓይነቶችን ሁሉ ስለማይሸፍን ያኔ እነሱም ለምርመራ ይጠራሉ፤ የክትባት ካርዳቸውም ከምርመራው ነፃ አያደርጋቸውም።