የካማርጎ ምስል፦ ስለ ቀሚሷና ስለ ህትመቱ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ብራስልስ የተወለደችው ማሪ ካማርጎ (እ.ኤ.አ. 1710–1770) በ1726 በፓሪስ ኦፔራ መድረክ ብቅ ያለች ባሌሪና ናት። ኒኮላ ላንክሬ በ1730 ገደማ በቀለም ሣላት፤ ሎራን ካር ደግሞ ሥዕሉን በ1731 በመዳብ ላይ ቀርጾ አሳተመው።

«ቀሚሷ አጭር ነበር»
ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ያለ ብቻ ነው፤ ያውም ፓኒዬ በሚባል የውስጥ መወጠሪያ የተነፋ ሰፊ ቀሚስ። ከፍታው ግን ምክንያት ነበረው። ካማርጎ የታወቀችው አንትሬሻ በተባለው፣ አየር ላይ እግርን ቶሎ ቶሎ በሚያጠላልፍ ዝላይ ነው፤ ቀሚሱ መሬት ቢጠርግ ኖሮ ያ ሁሉ ጥበብ ከጨርቅ ሥር ይቀር ነበር።

«በጣቷ ጫፍ ቆማ ትደንሳለች»
በፍጹም። ያ አደናነስ የገነነው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ባሌሪናዋ ማሪ ታልዮኒ በ1832 «ላ ሲልፊድ» የተባለውን ባሌ ስትደንስ ነው።

«የመድረክ ልብስን የለወጠችው እሷ ብቻ ናት»
የዘመኗ ባሌሪና ማሪ ሳሌም መረሳት የለባትም። በ1734 ለንደን ውስጥ «ፒግማሊዮን»ን ስትደንስ ፓኒዬውን ትታ፣ ሙስሊን የተባለ ስስ የጥጥ ጨርቅ ለብሳ፣ ጸጉሯን ለቃ ወጣች። ለእኛ ትልቁ ድፍረት ይሄ ነው።

«ህትመቱ የሥዕሉ ትክክለኛ ግልባጭ ነው»
ቀራጩ ቀለም የለውም፤ ጥላውንም የሐር ወዙንም የሚያወጣው በመስመር ነው። የማተሚያው ቀለም በመዳብ ሳህኑ ላይ በተቀረጸው መስመር ውስጥ ይሞላል፣ የሳህኑ ገጽ ይጠረጋል፣ ከዚያ እርጥብ ወረቀት ተነጥፎበት በከባድ ማተሚያ ውስጥ ያልፋል። ህትመት የሳህኑን ምስል ገልብጦ ስለሚያወጣ፣ ቀራጩ አስቀድሞ ካልገለበጠው ቀኝ ግራ ይሆናል። ስለዚህ የትኛው እግሯ እንደቀደመ ከህትመት ብቻ አይፈረድም፤ ለንደን ባለው የዋላስ ስብስብ ወይም ዋሽንግተን ባለው ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ ካሉት የላንክሬ ሥዕሎች ጋር ይመሳከር።

«የባሌሪና ጥንታዊ ህትመት ሁሉ የመዳብ ቅርጽ ነው»
ከታልዮኒ ምስሎች ብዙዎቹ በድንጋይ ላይ በቅባታማ እርሳስ ተሥለው የታተሙ ሊቶግራፎች ናቸው። 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሲታዩ የመቅረጫ ብረት መስመር ጫፉ እየሾለ ይሄዳል፤ የሊቶግራፉ ፍርክርክ ያለ የእርሳስ ጭረት ይመስላል። በእኩል ርቀት የተደረደሩ ነጠብጣቦች ካሉ የዘመናችን ቅጂ ነው። መዳቡ ሲጫን በምስሉ ዙሪያ ጎድጎድ ያለ የሳህን ጠርዝ ይተዋል። ህዳጉ ለፍሬም ተብሎ ከተቆረጠ ይሄ ጠርዝ አብሮ ይጠፋል፤ ከሥር በግራ «ፒንክሲት» (ሣለ) ከሚለው ጋር የተጻፈው የሠዓሊው ስም፣ በቀኝም «ስኩልፕሲት» (ቀረጸ) ከሚለው ጋር ያለው የቀራጩ ስም እንዲሁ።